ጥልቀቱ ከ5 ሜትር በማይበልጥ ሐይቅ ላይ ለትሮሊንግ የትኛው ዳይቨር ይሻላል?

ጥያቄው ስለ ትሮሊንግ፣ ማለትም ማታለያን ከምትሄድ ጀልባ ኋላ እየጎተቱ ስለማጥመድ ነው፤ ዳይቨር የሚባለውም ክሩ ላይ ታስሮ ማታለያውን ወደ ታች የሚያወርድ ዕቃ ነው። እንዲህ ይላል፦ «የማጠምድበት ሐይቅ አብዛኛው ክፍሉ ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው። ወለሉ ላይ ሣር፣ አልፎ አልፎም ጉቶ አለ። ሶናሩ ዓሦቹን ከ2 እስከ 3 ሜትር ላይ ያሳየኛል። ቀላል ማንኪያ መሰል የብረት ማታለያዎችንና ከፊታቸው ምላስ ያላቸው ትንንሽ ዓሣ መሰል ማታለያዎችን ከጀልባዬ ኋላ እጎትታለሁ። መጀመሪያ በእርሳስ ሞከርኩ፤ ጀልባዋን ባዞርኩ ቁጥር ወለሉ ላይ ተያዘብኝ። ከዚያ ትልቅ ክብ ዳይቨር ገዛሁ፤ እሱም ያው ሆነ። የትኛውን ልጠቀም? ምን ያህል ክርስ ልልቀቅ?»

ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት ማታለያው ወደሚፈልጉት ጥልቀት መድረሱን አላጣም፤ ደርሶ እዚያው አልቆይ ብሎዎታል። ወለሉ 4 ሜትር ላይ ሆኖ ዓሦቹ 2.5 ሜትር ላይ ካሉ፣ ለስሕተት የተረፈዎት 1.5 ሜትር ብቻ ነው። 30 ሜትር በሚጠልቅ ሐይቅ ላይ የሚያጠምድ ሰው ማታለያው ለአፍታ ሁለት ሜትር ቢወርድበት ልብ እንኳ አይለውም። እርስዎ ግን በዚያች አፍታ ጉቶ ይዘዋል። ስለዚህ ዳይቨር ሲመርጡ «ስንት ሜትር ያወርዳል?» ከማለትዎ በፊት «ጀልባዋ ስትዘገይ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ። ሲዘገይ ወደ ላይ የሚወጣውን፣ ማለትም የሚንሳፈፈውን ዳይቨር ይያዙ። ለእንዲህ ዓይነት ውሃ ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅምዎታል፤ አንዴ ከገባዎት ገበያ ላይ ያለውን ማንኛውንም ዕቃ አይተው ራስዎ መፍረድ ይችላሉ።

እርሳስን ወደ ታች የሚወስደው ክብደቱ ነው። ክብደቱ ደግሞ ጀልባዋ ፈጠነችም ዘገየችም አይለወጥም። ክሩንና ማታለያውን ወደ ኋላ እየገፋ ወደ ላይ የሚያነሳቸው የውሃው ግፊት ግን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይለዋወጣል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። እንግዲህ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ያስተካከሉት እርሳስ፣ ጀልባዋ ወደ 1.5 ስትወርድ ያው ክብደት ከሩብ ግፊት ጋር ይቀራል። ወለሉ ላይ ከማረፍ የሚያግደው ነገር የለም።

ክቡ ዳይቨር ከዚህ ይለያል። ሳህን መሰል አካሉ አዘንብሎ ስለሚጎተት ውሃው ፊቱን እየመታ ወደ ታች ይገፋዋል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው፣ ወደ ታች የሚገፋውም ወደ ኋላ የሚጎትተውም ያው የውሃ ግፊት መሆኑ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለቱም አብረው ይጨምራሉ፤ ሲቀንስ አብረው ይቀንሳሉ። ስለዚህ በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትርም ተጎተተ 4፣ ጥልቀቱ ብዙም አይለወጥም። የዳይቨር ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፤ እርሳስ ይህን ሊሰጥዎት አይችልም። ችግሩ የሚመጣው ፍጥነቱ በጣም ሲወርድ ነው። እንደ ዲፕሲ ዳይቨር ያሉት ክብ ዳይቨሮች በአንድ በኩል የተቀበረ እርሳስ አላቸው፤ አዘንብለው የሚሄዱትም በእሱ ነው። የውሃው ግፊት ሲጠፋ የሚቀረው ያ እርሳስ ነውና እንደ ድንጋይ ይዘቅጣሉ።

የሚንሳፈፈው ዳይቨር በጉዞ ላይ ሥራው ከክቡ ጋር አንድ ነው፤ ውሃው ምላሱን እየመታ ወደ ታች ይገፋዋል። ግፊቱ ሲጠፋ ግን ወደ ላይ ይነሳል። በሰፊው የሚታወቀው ጄት ዳይቨር ነው፤ ከፊቱ ሰፊ ምላስ፣ ከኋላው አየር የያዘ አካል አለው። ጀልባዋን ያቁሟት፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ከዓሣ ጋር ይታገሉ፣ ክሩ ይተብተብና ለመፍታት ይቀመጡ፤ ዳይቨርዎ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይጠብቅዎታል። ጉቶ ባለበት ሐይቅ ላይ ይህን ጠባይ በምንም አልለውጠውም።

ማዞሪያው ላይ የሚሆነውን ደግሞ በቁጥር እንየው። ጀልባዋ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር እየሄደች ከመሃሉ 20 ሜትር ርቀት ባለው ክብ ላይ ትዞራለች እንበል። ከጀልባዋ ወደ ውስጥ በኩል 10 ሜትር ገባ ብሎ የሚሄድ ማታለያ የሚዞረው በግማሹ ክብ ላይ ስለሆነ ፍጥነቱ ወደ 1.5 ይወርዳል። በውጭ በኩል 10 ሜትር የራቀው ደግሞ ወደ 4.5 ይደርሳል። ጀልባዋ ላይ ተቀምጠው ምንም ለውጥ አይሰማዎትም፤ የፍጥነት መለኪያውም ያው 3 ነው የሚለው። ከውሃው በታች ግን አንዱ ማታለያ ከሌላው ሦስት እጥፍ ፈጥኖ እየሄደ ነው። እርሳስዎ «ባዞርኩ ቁጥር» የተያዘው ለዚህ ነው። የሚንሳፈፍ ዳይቨር በውስጥ በኩል ሲሆን ሲዘገይ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሲቀና ይመለሳል። ወለሉን አይነካም። (በነገራችን ላይ ማዞሪያ ዓሦቹ የሚፈልጉትን ፍጥነት ይነግርዎታል። ዓሣው ደጋግሞ የውስጡን ዘንግ ከመታ ዝግ ይበሉ፤ የውጩን ከመታ ፈጠን ይበሉ።)

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ። ጄት ዳይቨር 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 50 በሚሉ ቁጥሮች ይመጣል። ቁጥሩ ብዙ ክር ሲለቀቅለት በግምት የሚደርስበት ጥልቀት በጫማ ነው፤ 10 ማለት ወደ 3 ሜትር፣ 20 ማለት ወደ 6 ሜትር። ለእርስዎ 10 ቁጥሩን እመክራለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ትልቁን ገዝቼ ጥቂት ክር ብለቅለት ያው አይደለም?» ይላል። ያው አይደለም፤ ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው ዳይቨር ሲወርድ የሚሄድበት መንገድ ነው። ክር መልቀቅ ሲጀምሩ በፍጥነት ይወርዳል፤ ወደ መጨረሻ ጥልቀቱ ሲቃረብ ግን መንገዱ እየተጋደመ ይሄዳል፤ ተጨማሪ አምስት ሜትር ክር ቢለቁ የሚጨምረው ጥልቀት ጥቂት ነው። ትልቁን ዳይቨር 2 ሜትር ላይ ልያዘው ካሉ፣ ገና ቁልቁል በሚወርድበት ክፍል ላይ ነው የሚያቆሙት። እዚያ ላይ ሁለት ሜትር ክር ቢሳሳቱ ጥልቀቱ በግልጽ ይለወጣል። ትንሹ ግን 2 ሜትር ላይ ሲደርስ መንገዱ መጋደም ጀምሯል፤ ስሕተትዎን ይሸከምልዎታል። ስለዚህ የመጨረሻ ጥልቀቱ ከሚፈልጉት ጥልቀት ትንሽ ብቻ የሚበልጥ ዳይቨር ይምረጡ። ይህ ለጄት ዳይቨር ብቻ ሳይሆን ምላስ ላለው ማታለያ ሁሉ ይሠራል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። 3 ሜትር ውሃ ላይ ዓሣ ከጀልባ ይሸሻል፤ የሞተሩ ድምፅም የጀልባዋ ጥላም ይደርሰዋል። ትልቁን ዳይቨር በአጭር ክር ከጎተቱ ማታለያዎ የሚያልፈው ዓሦቹ አሁን በሸሹበት ቦታ ላይ ነው። ትንሹ ረጅም ክር ስለሚፈልግ ማታለያው ወደ ኋላ ራቅ ይላል፤ በመሃሉ ውሃው ይረጋጋል። ሶናሩም እዚህ ላይ ያሳስታል። ጨረሩ 20 ዲግሪ ስፋት ካለው 3 ሜትር ላይ የሚያየው ክብ ወደ 1 ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም በቀጥታ ከጀልባዋ ሥር፣ ዓሣው ፈጥኖ በሚለቀው ቦታ ላይ። ሶናሩ ባዶ ቢያሳይዎት ዓሣ የለም ብለው አይደምድሙ።

ጥልቀቱን የሚወስነው ዳይቨሩ ብቻ አይደለም፤ የክሩ ውፍረትም እኩል ይናገራል። ወፍራም ክር ውሃው ውስጥ ብዙ ስለሚጎተት ዳይቨሩን ወደ ላይ ይይዘዋል፤ ቀጭን ክር ውሃውን ቆርጦ ያልፋል፤ ዳይቨሩም ይወርዳል። በጥልቅ ውሃ የሚያጠምዱ ሰዎች ቀጭን የተጎነጎነ ክር የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ምክራቸውም ተሰራጭቶ ለሁሉም ውሃ የሚሆን ተደርጎ ይነገራል። ለእርስዎ ግን ተቃራኒውን እላለሁ። ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር የሚሆን ተራ ናይለን ይጠቀሙ። መውረድ አያስጨንቅዎትም፤ ከዚህም በላይ ናይለን ይለጠጣል። ዓሣው ሲመታ ከኋላ ዓሣው፣ ከፊት ጀልባዋ፣ በመሃል ደግሞ ውሃ የሚገፋው ዳይቨር አለ፤ የማይለጠጥ ክር ከሆነ ያ ሁሉ ጉልበት የዓሣው አፍ ላይ ያርፍና መንጠቆው ቀዶት ይወጣል። የተጎነጎነ ክር ብቻ ካለዎት የመጠቅለያውን ፍሬን ከለመዱት በላይ ያላሉት፣ ዘንጉም ጫፉ ለስላሳ ይሁን።

ከዳይቨሩ እስከ ማታለያው ያለው ክር 1.5 ሜትር ያህል ይሁን፤ ከዘንግዎ ርዝመት ግን በፍጹም አይብለጥ። ዳይቨሩ የዘንጉ ጫፍ ላይ ሲደርስ መጠቅለሉ እዚያ ያበቃል፤ የቀረውን ዓሣውን በዘንግ እየሳቡ ነው ወደ መረብ የሚያስገቡት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 3 ሜትር አድርጌ አስር ነበር፤ ማታለያው ከዳይቨሩ በራቀ መጠን ዓሣው አይፈራም ብዬ። ዓሣው ጀልባው አጠገብ ደርሶ እጄ ሳይደርስበት ሲያመልጠኝ ያዘንኩበትን ቀን አልረሳውም። 1.5 ሜትር በቂ ነው። ይህ ክር ከዋናው ክር የሚደክም ይሁን፤ ለምሳሌ ዋናው 0.38 ከሆነ እሱ 0.30። ማታለያው ጉቶ ቢይዝ እሱ ይበጠስና ዳይቨሩ ይመለስልዎታል። ከማታለያው በፊት ጥሩ ተሽከርካሪ ማያያዣ ያድርጉ፤ ማንኪያ ሲሽከረከር ክሩን ጠምዝዞ ያበላሸዋል።

ማንኪያው ራሱ ቀጭንና ቀላል ይሁን። ከባድ ማንኪያ ከዳይቨሩ በታች ይንጠለጠላል እንጂ ተከትሎት አይዋኝም። እዚህ ላይ የሚንሳፈፈው ዳይቨርም የማያድንዎት አንድ ነገር አለ፤ ጀልባዋ ስትቆም ዳይቨሩ ወደ ላይ ቢወጣም ማንኪያው ብረት ስለሆነ ይወርዳል፤ የሚወርደውም በዚያች አጭር ክር ልክ ነው። ክሩ 1.5 ሜትር ከሆነ፣ ዳይቨሩ ላይ ሲንሳፈፍ ማንኪያው 1.5 ሜትር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወለሉ 3 ሜትር ከሆነ አይነካም። ወደ ዳርቻው ሲጠጉና ውሃው 1.5 ሜትር ሲደርስ ግን ማንኪያው ወለሉ ላይ ነው፤ እዚያ ክሩን ወደ 1 ሜትር ያሳጥሩት፣ ወይም ማንኪያውን በሚንሳፈፍ ማታለያ ይለውጡት።

ምላስ ያላቸውን ዓሣ መሰል ማታለያዎች በተመለከተ፣ ለእነሱ ዳይቨር አያስፈልግዎትም። ያቺ ከፊታቸው ያለችው ምላስ ራሷ ዳይቨር ናት። መካከለኛ ምላስ ያለው የሚንሳፈፍ ማታለያ ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር 2 ሜትር ይገባል። ከዳይቨር ኋላ ሲያስሩት ሁለቱ መውረጃዎች ይደመሩና የት እንደደረሰ ማወቅ ያቅትዎታል። ክቡ ዳይቨርዎ ወለሉ ላይ የተያዘው እንዲህ አስረውት ከሆነ አልደነቅም።

ምን ያህል ክር ይልቀቁ? ከኔ የሚሰሙት ቁጥር ለኔ ክር፣ ለኔ ፍጥነት፣ ለኔ ማንኪያ የሚሆን ነው። የራስዎን ይለኩ፤ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ሣርና ጉቶ የሌለበት፣ አሸዋ ወይም ጭቃ የሆነ፣ ሶናሩ ላይ ሜዳ ሆኖ የሚታይ ቦታ ይፈልጉ፤ 2 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። የማንኪያውን መንጠቆ ያውልቁ። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር በቀጥታ እየሄዱ 8 ሜትር ክር ይልቀቁና የዘንጉን ጫፍ ይመልከቱ፤ ዳይቨሩ ሲሠራ ጫፉ በአንድ ወጥ ምት ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሁለት ሁለት ሜትር እየጨመሩ ይሂዱ። ወለሉን የነካ ጊዜ ያ ወጥ ምት ይሰበርና ጫፉ ኩርኩም እንደተመታ ይዘልላል። ያን ርዝመት ይጻፉ፤ በእርስዎ ዕቃ 2 ሜትር ማለት እሱ ነው። ወለሉ 2.5 ሜትር ወደሆነበት ይሂዱና ይድገሙት። ክር የሚቆጥር መጠቅለያ ከሌለዎት ክሩን በየ5 ሜትሩ በማይለቅ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ክሩን ወይም ማታለያውን በለወጡ ቁጥር ልኬቱ እንደገና ይደረጋል።

ዓሦቹ 2.5 ሜትር ላይ ካሉ ማታለያው በ2 ሜትር ላይ ይሂድ። አብዛኛው አዳኝ ዓሣ ከበላዩ የሚያልፈውን ያያል፤ ተነስቶም ይመታል፤ ከበታቹ ለሚያልፈው ግን እምብዛም አይወርድም። በከፍታ መሳሳት ዓሣ ሊያስመልጥ ይችል ይሆናል፤ በዝቅታ መሳሳት ግን ዓሣውንም ማታለያውንም ያሳጣል።

ሲለቁ ጀልባዋ እየሄደች ይሁን። መጀመሪያ ማንኪያውን ብቻ ውሃ ውስጥ ያስገቡና በጎን ሲዋኝ ይዩት፤ ከዚያ ዳይቨሩን ያውርዱ፤ ክሩንም በአውራ ጣት እያገዱ ቀስ ብለው ይልቀቁት። እንዲሁ ከለቀቁት ማንኪያው ዳይቨሩን ቀድሞ ክሩ ላይ ይጠመጠማል፤ እርስዎም ግማሽ ሰዓት የተጠቀለለ ነገር ሲጎትቱ ይቆያሉ።

ሣሩ ያስቸግርዎታል። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ሣር ክሩን ሲያገኝ ተንሸራቶ ዳይቨሩ ላይ ይቆማል፤ ማንኪያው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ዳይቨሩ ግን መውረድ ያቆማል። ምልክቱ ያው የዘንግ ጫፍ ነው፤ ወጥ ምቱ ከጠፋ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ይጠቅልሉ። ትንሽ ዓሣ ተይዞም ምቱ ሊደነዝዝ ስለሚችል «ምንም አይደለም» ብለው አይለፉት።

ዓሣው ከጀልባው በጣም የሚሸሽ ከሆነ ቀጣዩ የሚገዙት ነገር በጎን የሚወጣ ትንሽ ተንሳፋፊ ሰሌዳ ይሁን። ዳይቨሩን በለኩት ርዝመት ይልቀቁ፤ ከዚያ ሰሌዳውን ክሩ ላይ ይቆልፉና ተጨማሪ 15 ሜትር ወደ ጎን ይልቀቁት። ከዘንግዎ እስከ ሰሌዳው ያለው ክር ከውሃው በላይ ስለሆነ ጥልቀቱን አይለውጥም፤ የሚቆጠረው ከሰሌዳው እስከ ዳይቨሩ ያለው ብቻ ነው። ልኬቱን ግን ሰሌዳው ካለ በኋላ አንድ ጊዜ ያረጋግጡ፤ ክሩ ውሃ የሚገባበት ከፍታ ስለሚለያይ ትንሽ ይቀየራል። ትንሽ ሰሌዳ 10 ቁጥሩን ዳይቨር ይችላል፤ ትልቁን ዳይቨር ግን ሊሸከም አይችልም፤ ወደ ኋላ ይጎተትበታል።

የገዙትን ትልቅ ክብ ዳይቨር አይጣሉት። ጀርባው ላይ ከ0 እስከ 3 የሚዞር ቁጥር ካለው፣ 0 ላይ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ 3 ሲጠጋ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እየወጣ ከፍ ይላል። ለትንሽ ጥልቀት 3 ላይ አድርጎ መጎተት መልካም ይመስላል፤ ሞክሬዋለሁ። ነገር ግን ወደ ጎን እንዲርቅ ክር ያስፈልገዋል፤ ክር በተለቀቀ ቁጥር ደግሞ ይወርዳል፤ 3 ሜትር ውሃ ላይ በቂ ርቀት ሳያገኝ ወለሉ ይደርሳል። ዓሣ ሲመታ ሳህኑን እንዲታጠፍ ከሚለቀው መልቀቂያ ጥንካሬም ጋር ይታገላሉ፤ ካጠበቁት ዓሣ ይዞም ሳህኑ አይታጠፍም፤ ካላሉት ጀልባዋ በማዕበል ስትናጥ በራሱ ይለቃል። ከ10 ሜትር በላይ ወደሚጠልቅ ውሃ ሲሄዱ ያውጡት፤ እዚያ ቦታው ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ግን በቤት ይቆይ።

ልኬቱን ከሠሩ በኋላ 2 ሜትር ላይ ለመድረስ ከ30 ሜትር በላይ ክር የሚጠይቅዎት ከሆነ ክርዎ ከመጠን በላይ ወፍሯል፣ ወይም ማንኪያው ብዙ ውሃ ይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ ማንኪያውን በቀጭኑ ይለውጡ፤ ካልሆነ ክሩን አንድ ደረጃ ያቅጥኑ። ወደ 20 ቁጥር የሚሄዱት እነዚህ ሁለቱ ካልሠሩ ብቻ ነው።